ውሃ የሚያስገባ የመጥለቂያ ማስክ እንዴት እንደ ጠገንሁ

ታላቅ ወንድሜ ከጅዳ ሲመለስ ካመጣቸው ዕቃዎች መካከል፣ ቤተሰቡ እየተቀባበለ ካየው በኋላ ለእኔ የተወልኝ አንድ የመጥለቂያ ማስክ ነበር። ዓይንንና አፍንጫን አብሮ የሚሸፍን፣ ከፊቱ መስታወት ያለው፣ ዙሪያው ብርሃን በሚያሳልፍ ሲሊኮን የተሠራ ዕቃ ነው። ወንድሜ በዕረፍት ቀኑ ቀይ ባሕር ወርዶ ዓሣ ሲያይበት ኖሯል። እኔ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ በአንድ ፋብሪካ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ባሕር ከእኛ ሩቅ ቢሆንም ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ የሐይቅ ከተማ፣ ከከተማዋም አጠገብ ስሙን የሰጣት ሐይቅ ይገኛል፤ የእናቴ ወንድም እዚያ ዓሣ እያሰገሩ ይኖራሉ። መረባቸው ውሃ ውስጥ ባለ ግንድ ወይም ድንጋይ ሲያዝባቸው ጎትተው ከመቅደድ ወይም ቆርጠው ከመተው በቀር ምርጫ አልነበራቸውም። ማስኩን ሳየው መጀመሪያ ያሰብሁት ወርጄ፣ በዓይኔ እያየሁ መረቡን ላላቅቅላቸው እንደምችል ነበር።

ይህን የምጽፈው ማስኩ ውሃ እያስገባ ስላስቸገረኝ፣ ጥገናውም ሁለት ወር ያህል ስለ ፈጀብኝ፣ በመካከሉ የሠራሁት ስሕተትም ዕቃውን ጨርሶ ሊያበላሽብኝ ተቃርቦ ስለ ነበር ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ በእኛ አካባቢ ሱቅ ገብተው የሚተኩት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከውጭ የመጣ ዘመድ የሰጠው ነው። ስለዚህ በእጁ ያለው ሰው ማስኩን ከመጣሉ ወይም ያገኘውን ማጣበቂያ ከመቀባቱ በፊት ይህን ቢያነብልኝ እወዳለሁ።

በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር አንድ እሑድ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ሞከርሁት። መረቡ የተያዘው 4 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ነበር፤ አጎቴ ታንኳው ላይ ሆነው ወገቤ ላይ የታሰረውን ገመድ ይዘዋል። ሁለት ሜትር ያህል እንደ ወረድሁ ከአፍንጫዬ በታች ቀዝቃዛ ውሃ ይሰማኝ ጀመር፤ ግንዱን አይቼ እጄን ስዘረጋ ውሃው እስከ ዓይኔ ደርሶ ሁሉም ነገር ተደበላለቀብኝ። ወጥቼ ውሃውን ደፋሁ፣ ማሰሪያውን አጠበቅሁ፣ እንደገናም ወረድሁ፤ ከበፊቱ ይባስ ፈጥኖ ሞላ። በሦስተኛው ሙከራ ውሃ በአፍንጫዬ ስቤ እያሳልሁ ስወጣ አጎቴ ገመዱን ጎትተው የታንኳውን ጫፍ አስያዙኝና «አብሽር፣ መረቡ ይቅር፤ አንተ ብቻ ውጣልኝ» አሉኝ። ያን ዕለት መረቡን በቢላ ቆረጡት፤ ግማሹ እዚያው ቀረ። ማሰሪያውን ባጠበቅሁ ቁጥር ውሃው ለምን እንደሚብስ የገባኝ ከብዙ ሳምንታት በኋላ ነው።

ኮምቦልቻ እንደ ተመለስሁ ያደረግሁት ማንም ሊያደርገው የማይገባውን ነው። ውሃው የተጠራቀመው ከአፍንጫዬ በታች ስለ ነበር ቀዳዳው እዚያ ነው ብዬ ደመደምሁና ሱፐር ግሉ ገዝቼ በአፍንጫው ማደሪያ ዙሪያ ሲሊኮኑን ቀባሁት። በማግሥቱ ሲሊኮኑን በጣቴ ሳጥፈው የደረቀው ማጣበቂያ እንደ ዓሣ ቅርፊት እየተሰነጠቀ ረገፈ፤ መስታወቱም ላይ ጨርቅ የማያነሣው ነጭ ጭጋግ ተቀምጦበት አገኘሁት። ምክንያቱን አሁን አውቀዋለሁ። ሲሊኮን የተለመዱ ማጣበቂያዎችን አይቀበልም፤ ሱፐር ግሉ ደግሞ ሲደርቅ ድርቅ ያለና ተሰባሪ ስለሚሆን እንደ ሲሊኮን ሊታጠፍና ሊለጠጥ አይችልም፤ ነጩ ጭጋግ ከማጣበቂያው የተነሣው ተን በአቅራቢያው ባለ መስታወት ላይ አርፎ ሲደርቅ የሚፈጠር ነው። ከፊት ቆዳ ጋር የሚገናኘውን ስስ ጠርዝ አለመቀባቴ በጀኝ፤ ያ ጠርዝ አንድ ጊዜ ከደረቀ ማስኩ ከዚያ በኋላ በምንም አይመለስም።

የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሰው ይህን ያውቃል። በነሐሴ ዝናብ ውሃው የሚንጠባጠበው ምስማሩ ከላላበት ቦታ ሥር ላይሆን ይችላል፤ በእንጨቱ ላይ ተንሸራትቶ ሄዶ ዝቅ ካለው ቦታ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከአልጋው በላይ ያለውን ቆርቆሮ ብቻ የሚጠግን ሰው በሚቀጥለው ዝናብ መልሶ ይረጥባል። የማስክም ነገር እንዲሁ ነው። ውሃ በየትም በኩል ይግባ፣ በውስጠኛው ግድግዳ ተንሸራትቶ የሚጠራቀመው ዝቅተኛ በሆነው በአፍንጫው ማደሪያ ነው። ስለዚህ ውሃው የተሰማን ቦታ መግቢያውን አያሳይም፤ ማንኛውም ጥገና መግቢያውን በርግጠኝነት ካገኙ በኋላ መጀመር አለበት። ውሃ ሊገባባቸው የሚችሉት ቦታዎች ደግሞ ብዙ አይደሉም፤ አንደኛው ሲሊኮኑ ከፊታችን ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ነው፤ ሁለተኛው መስታወቱ ከሲሊኮኑ ጋር የሚጋጠምበት ነው፤ ሦስተኛው በራሱ በሲሊኮኑ ላይ ያለ ቀዳዳ ወይም ቅዳጅ ነው። አንዳንድ ማስክ ከአፍንጫው ሥር ውሃ ማስወጫ ትንሽ ቫልቭ አለው፤ ያ ካለ አራተኛ መሆኑ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጥፋቱ በቫልቩ ሥር የተቀመጠ አሸዋ ነው።

እኔ በመጀመሪያ የፈተሽሁት ማስኩን ብቻውን፣ ፊቴ ላይ ሳላደርገው ነው። ሁለት የሻይ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥሁና ማስኩን መስታወቱ ወደ ታች፣ ክፍት ጎኑ ወደ ላይ አድርጌ የአፍንጫው ማደሪያ በሁለቱ ብርጭቆዎች መካከል እንዲንጠለጠል አስደገፍሁት። የውጭውን ገጽታ በደረቅ ጨርቅ በደንብ ካደረቅሁ በኋላ ሶፍት በጣት ስፋት እየቀደድሁ መስታወቱና ፍሬሙ በሚጋጠሙበት ዙሪያ ሁሉ፣ እንዲሁም በአፍንጫው ማደሪያ ሥር ደረደርሁ። ከዚያም መጋጠሚያው እስኪሸፈን ድረስ ውሃ ቀስ ብዬ ሞላሁበትና ተቀምጬ ጠበቅሁ። ወደ አራት ደቂቃ ምንም አልታየም። ከዚያ በላይኛው ግራ ጥግ ያለው ሶፍት ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጠቆር ያለች ነጥብ ብቅ አለች፤ ዓይኔን ሳልነቅል ስመለከታት እየሰፋች ሄዳ ቁራጩን ሙሉ አረጠበችው። ሌሎቹ ሁሉ ደረቅ ነበሩ፤ ከአፍንጫው ሥር ያለውም፣ ያ ሁሉ ሱፐር ግሉ የፈሰሰበት ቦታ፣ ደረቅ ነበር። ይህን ሙከራ ከማንኛውም ሥራ በፊት እንድታደርጉት አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ የሚጠይቀው ውሃ፣ ሶፍትና የአሥር ደቂቃ ትዕግሥት ብቻ ነው።

አንድ መግቢያ ተገኘ ማለት ግን ሌላ የለም ማለት አይደለም። ቀጥሎ የፈተሽሁት ማስኩን ከፊቴ ጋር ነው። ማሰሪያውን ወደ ፊት ገልብጬ ማስኩን ፊቴ ላይ ቀስ ብዬ ካሳረፍሁ በኋላ በአፍንጫዬ ትንሽ አየር ስቤ እጄን ለቀቅሁ። ጠርዙ ከፊት ጋር በሚገባ ከገጠመ ማስኩ ትንፋሽ እስከ ያዝን ድረስ ያለ ማሰሪያ ተጣብቆ ይቆያል። የእኔ ግን ሦስት ሰከንድ እንኳ ሳይቆይ ይወድቅ ነበር። በላይኛው ግራ ጥግ ያለውን መጋጠሚያ ከውጭ በጣቴ ደፍኜ ስደግመው ትንሽ ቆየ፤ ሆኖም ከላይኛው ከንፈሬ በላይ ቀጭን አየር ሲገባ ይሰማኝ ነበር። ያ ሁለተኛው መግቢያ መሆኑ ነው፤ እርሱም የማስኩ ጥፋት አልነበረም። ሪዝ አለኝ፤ የማስኩ ጠርዝ የሚያርፈው ልክ በእርሱ ላይ ነው። ፀጉር ከፀጉር አጠገብ ሲተኛ በመካከሉ የሚተወው ክፍተት ለውሃ በቂ መንገድ ነው።

ጢሙን ወይም ሪዙን የሚያሳድግ ሰው ሁሉንም መላጨት አይጠበቅበትም። እኔ ልክ ከአፍንጫዬ ሥር፣ ጠርዙ በሚያርፍበት መሥመር፣ የግማሽ ጣት ያህል ስፋት በምላጭ አነሣሁ፤ ከሩቅ ለሚያየኝ ሰው አይታወቅም። መላጨት የማይፈልግ ሰው ሪዙ ላይ የሲሊኮን ግሪስ በስሱ ሊቀባ ይችላል። ቫዝሊን የሚቀቡ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን አልመክርም፤ ከነዳጅ የሚገኙ ቅባቶች የተፈጥሮ ጎማን ስለሚያበላሹና የማስክ አምራቾችም ስለማይፈቅዷቸው ነው። ፀጉሯን የተሠራች ሴት ደግሞ በግንባሯ ጠርዝ ያሉት ቀጫጭን ፀጉሮች በሲሊኮኑ ሥር እንዳይቀሩ በመሐረብ ወይም በዋና ቆብ ወደ ኋላ ብትሰበስባቸው ይበጃል፤ አንዲት የፀጉር ዘለላ ብቻ ሥሩ ከገባች ማስኩ ውሃ ማስገባቱ አይቀርም። ፈገግ ማለትም እንዲሁ ጠርዙን ያነሣዋል፤ ጉንጭ ሲታጠፍ ከሥሩ ሸለቆ ይፈጠራልና፤ የመተንፈሻ ቱቦን በጥርስ አጥብቆ መንከስም ተመሳሳይ ጉዳት አለው።

አሁን ወደ ማሰሪያው ልመለስ፤ ከሁሉ ይልቅ የተሳሳትሁት በእርሱ ነውና። የማሰሪያው ሥራ ማስኩን በቦታው ማቆየት ብቻ ነው። ማስኩን ፊታችን ላይ የሚያጣብቀው ውሃው ራሱ ነው፤ ወደ ታች በወረድን መጠን ከውጭ የሚገፋው ግፊት እየጨመረ ይሄዳል። ማሰሪያው ከልክ በላይ ሲጠብቅ ስሱን ጠርዝ ያጥፈዋል፤ የታጠፈው ጠርዝ ሥር ደግሞ ውሃ የሚያልፍበት መሥመር ይፈጠራል። በእኔ ማስክ ላይ ከዚህ የባሰ ነገርም ነበር፤ ማሰሪያው በሁለቱ ጎኖች በዘለበት የሚያያዘው ከፍሬሙ ጋር ስለሆነ አጥብቄ በሳብሁት ቁጥር ፍሬሙ ወደ ኋላ እየታጠፈ ያን የላላ ጥግ ይበልጥ ይከፍተው ነበር። ያን ዕለት ሐይቁ ላይ ማሰሪያውን ሳጠብቅ ውሃው የባሰው ለዚህ ነው። ትክክለኛው አስተሳሰር ማስኩን ካወለቁ በኋላ ግንባር ላይ የጠለቀ መሥመር የማይተው፣ ማሰሪያውም ከጆሮ በላይ አልፎ በኋላ ራስ ላይ ወጣ ብሎ የሚያርፍበት ነው። ዝቅ ብሎ ከጆሮ ሥር ካለፈ የታችኛውን ጠርዝ ስለሚስብ ላይኛው ይነሣል።

የላይኛውን ግራ ጥግ ለመጠገን ማስኩን መፍታት ነበረብኝ። የብዙ ማስኮች አሠራር አንድ ዓይነት ነው፤ የሲሊኮኑ ወፈር ያለ ጠርዝ መስታወቱን አቅፎ ይይዘዋል፤ ሁለት የፍሬም ክፍሎች ደግሞ ከፊትና ከኋላ ተጋጥመው በትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ተቆልፈው ሁለቱን አጣብቀው ይይዟቸዋል። ከመፍታቴ በፊት በሁሉም አቅጣጫ በስልኬ ፎቶግራፍ አነሣሁት፤ ማሽን ስንፈታ የምናደርገው ነው፤ ኋላ ላይ የትኛው በየት በኩል እንደ ነበር ከመጠራጠር ያድናል። ከዚያም ማስኩን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል አቆይቼ ፕላስቲኩ ለስለስ እንዲል ካደረግሁ በኋላ ጥርሶቹን በጥፍሬና በደነዘዘ የእንጨት ጫፍ አንድ በአንድ ገፋሁ። ካቻቢቴ አልተጠቀምሁም፤ ብረት ከተንሸራተተ ወይ ሲሊኮኑን ይቀዳል ወይ የመስታወቱን ጠርዝ ይነካል።

መስታወቱን ሳወጣው ያየሁትን አልረሳውም። ሲሊኮኑ መስታወቱን በሚይዝበት ጎድጓዳ መሥመር ውስጥ፣ በተለይ በዚያ በላይኛው ግራ ጥግ፣ ነጭ ነገር ተጋግሮበታል። በጥፍሬ ስፍቀው ተሰባበረ፤ ጥቂቱን ምላሴ ላይ ሳደርገው ጨው ነው። ወንድሜ ከቀይ ባሕር በወጣ ቁጥር ማስኩን በንጹሕ ውሃ ሳያጥብ ፀሐይ ላይ ያደርቀው ኖሮ የባሕሩ ውሃ ተንኖ ሲሄድ ጨው በመጋጠሚያው ውስጥ እየተከማቸ፣ ከአሸዋ ቅንጣትም ጋር እየተጋገረ፣ መስታወቱን ከሲሊኮኑ ጥቂት በጥቂት እያነሣው ቆይቷል። ከጨውም በላይ ከዚያው ጥግ አጠገብ ያለችው የፍሬሙ ጥርስ ተሰንጥቃለች፤ ከሻንጣ ውስጥ ከባድ ዕቃ ተጭኗት ይሆናል ብዬ እገምታለሁ።

ጨውን ለማስለቀቅ ከለብታ ንጹሕ ውሃና ከፈሳሽ ሳሙና የበለጠ አያስፈልግም። ሲሊኮኑን ሳፋ ውስጥ አሳደርሁትና ጠዋት ጎድጓዳውን መሥመር ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ እየሰደድሁ አጠብሁ። በመስታወቱ ላይ የቀረውን የሱፐር ግሉ ጭጋግ ግን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በነካ ጨርቅ አነሣሁት። ይህን ያደረግሁት መስታወቱን ለብቻው ካወጣሁ በኋላ እንደሆነ ልብ በሉልኝ፤ በማስለቀቂያው ውስጥ ያለው አሴቶን የፍሬሙን ፕላስቲክ ያቀልጣል ወይም ይሰነጥቃል፤ መስታወቱም ቀለም ወይም ልዩ ሽፋን ያለው ከሆነ መንካት የለበትም።

ሁሉንም አድርቄ መልሼ ገጠምሁትና የሶፍቱን ሙከራ ደገምሁ። በዚህ ጊዜ ነጥቧ የወጣችው ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ነበር። መታጠቡ ብቻውን ብዙውን ችግር እንደ ፈታ ያሳያል፤ የብዙ ሰው ማስክም እዚህ ላይ ይድናል ብዬ አምናለሁ። የእኔው ግን ጥርሷ የተሰነጠቀች በመሆኗ መጋጠሚያው በዚያ በኩል የሚፈለገውን ያህል አልተጨመቀም፤ ስለዚህ የሚሞላው ነገር አስፈለገ።

የሚያገለግለው የሲሊኮን ማሸጊያ ብቻ ነው፤ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ሠራተኞች በፕላስቲክ ቱቦ የሚጠቀሙበት ማለቴ ነው። ይሁን እንጂ ሁሉም አንድ አይደለም። ለመታጠቢያ ቤት የሚሠራው ሻጋታ የሚከላከል መድኃኒት ስለሚደባለቅበት ለዓይንና ለቆዳ ቅርብ በሆነ ነገር ላይ መዋል የለበትም። የሚፈለገው ለዓሣ ማኖሪያ መስታወት የተሠራው፣ ንጹሕ ሲሊኮን የሆነው ነው፤ ቱቦው ላይ ተጽፎ ይገኛል። እኔ ኮምቦልቻ ስላላገኘሁት ከአዲስ አበባ በዘመድ አስመጣሁ። የደሴውን ጨምሮ ሁለት ሱቆች ውስጥ ማስቲሽ እንድቀባ መክረውኝ ነበር፤ ማስቲሽ ለጫማና ለፎርማይካ መልካም ነው፤ ሲሊኮን ላይ ግን አይዝም። አንድ ባለ ሱቅ ደግሞ በቅንነት «መስታወቱን ልክ ወስጄ አዲስ ልቁረጥልህ፣ ጠበብ ያለ ቢሆን ውሃ አያስገባም» ሲለኝ አመስግኜው እምቢ አልሁ። የማስክ መስታወት በሙቀት የጠነከረ ነው፤ እንግሊዝኛ በማያውቅ ሰው እንኳ ሊታይ የሚችል «ቴምፐርድ» የሚል ጽሑፍ ጥጉ ላይ አለው፤ ቢሰበር ወደ ትናንሽ ደንደን ያሉ ፍርፋሪዎች ይለወጣል። የመስኮት መስታወት ግን እንደ ቢላ በሚቆርጡ ስንጣሪዎች ይሰበራል፤ ያም ከዓይን ፊት ለፊት ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ለብር መሰሰት አይገባም።

አቀባቡን በዝርዝር ልናገር። ማሸጊያው የሚገባው ከውጭ በኩል፣ በመስታወቱና በፍሬሙ መካከል ባለችው ቀጭን ቦይ ብቻ ነው፤ ከፊት ቆዳ ጋር በሚገናኘው ጠርዝ ላይ ምንም ነገር አይቀባም። መጀመሪያ በፍሬሙ ስውር ቦታ ላይ ጥቂት ነክቼ ሁለት ቀን ጠበቅሁ፤ አንዳንዱ ማሸጊያ አንዳንዱን ፕላስቲክ ሊሰነጥቅ ስለሚችል ነው። ምንም ጉዳት እንዳላደረሰ ሳረጋግጥ መስታወቱንና ፍሬሙን ግራና ቀኝ በወረቀት ፕላስተር ሸፈንሁ፤ በመካከል የጣት ሁለት አንጓ ርዝመት ያላት መሥመር ብቻ ተጋልጣ ቀረች። ማሸጊያውን በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ እየወሰድሁ ወደ ውስጥ ገፋሁት፤ ሳሙና ባለው ውሃ የራሰ ጣቴን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳልመላለስ፣ በላዩ አሳለፍሁ። ፕላስተሩን ማሸጊያው ሳይደርቅ ወዲያው አነሣሁ፤ ከደረቀ በኋላ ቢነሣ አብሮ ይልጠዋል። የተሰነጠቀችው ጥርስ እንዳትከፈት በልብስ መቆንጠጫ ያዝኋት፤ በመካከላቸው የታጠፈ ጨርቅ አድርጌ።

ይህ ዓይነቱ ማሸጊያ የሚደርቀው በሙቀት ሳይሆን ከአየሩ ውስጥ ባለው እርጥበት ነው። ብዙዎቻችን ፀሐይ ላይ ካስቀመጥነው ይፈጥናል ብለን እናስባለን። የእኛ የበጋ አየር ግን ደረቅ ስለሆነ ማሸጊያው ቶሎ አይደርቅም፤ የደሴ ሌሊት ደግሞ ከኮምቦልቻ ይበልጥ ስለሚቀዘቅዝ ይበልጥ ያዘገየዋል። ቱቦው ላይ 24 ሰዓት ተብሎ ቢጻፍም እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ጠበቅሁ፤ ከአጠገቡም ውሃ የሞላ ሳህን አስቀመጥሁ። ሲደርቅ እንደ ኮምጣጤ ይሸታል፤ ሽታው የሚወጣው አሲድ ስለሆነ ሽታው ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋና ማስኩ በደንብ ሳይታጠብ ዓይን ላይ ማድረግ ዓይንን ያቃጥላል።

ከዚያ በኋላ የሶፍቱን ሙከራ ለሦስተኛ ጊዜ አደረግሁ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ አንድም ነጥብ አልወጣም። በአፍንጫዬ አየር ስቤ እጄን ስለቅ ማስኩ ትንፋሼ እስኪያልቅ ድረስ ፊቴ ላይ ቆየ። ቀጥሎ ሳፋ ውስጥ፣ ከዚያም መጋቢት ላይ ሐይቁ ዳር ወገቤ ድረስ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ፊቴን ነክሬ ሞከርሁት። ወደ ጥልቁ የሄድሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እናንተም ይህን ቅደም ተከተል አትዝለሉ፤ ብቻችሁንም ውሃ አትግቡ።

ስለ ጥልቀት አንድ ነገር ልጨምር፤ የእኛን ሐይቅ ይመለከታልና። ባሕር ላይ 10 ሜትር ሲወርዱ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል፤ ማስኩ ውስጥ ያለው አየርም ወደ ግማሽ ይጨመቃል። የእኛ ሐይቅ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስላለ የአየሩ ግፊት ከባሕሩ ዳር 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ግፊቱ እጥፍ የሚሆነው ገና 8 ሜትር ገደማ ላይ ነው። መረቡ በነበረበት በ4 ሜትር ጥልቀት እንኳ የማስኩ አየር ወደ ሁለት ሦስተኛው ዝቅ ይላል። ጥገናው ማስኩን አየር የማያስገባ ሲያደርገው ይህ መጨመቅ ፊት ላይ ይሰማል፤ ዓይንንም ይስባል። መፍትሔው ወደ ታች እየወረዱ በአፍንጫ ጥቂት ትንፋሽ ወደ ማስኩ መልቀቅ ነው። አፍንጫን የማይሸፍን የዋና መነጽር ለመጥለቅ የማይሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ትንፋሽ የሚገባበት መንገድ የለውም። ትንሽ ውሃ ከገባ ደግሞ ቀና ብሎ የማስኩን ላይኛ ጠርዝ በጣት ግንባር ላይ ተጭኖ በአፍንጫ ትንፋሽ ወደ ውጭ ማስወጣት ውሃውን ከታች ያስወጣዋል። ምንም ያህል ጥሩ ማስክ ቢኖራችሁ ይህን ጥልቀት በሌለው ውሃ ሳትለማመዱ አትውረዱ።

የማይጠገን ማስክም አለ። መስታወቱ ላይ ቀጭን ስንጥቅ እንኳ ካለ፣ ከፊት ጋር የሚገናኘው ስስ ጠርዝ ከተቀደደ፣ ወይም ሲሊኮኑ ለረዥም ጊዜ ተጣጥፎ ተቀምጦ ቅርጹን ካጣ፣ ማሸጊያ አያድነውም። የፊት ቅርጽም የተለያየ ስለሆነ፣ ፍጹም ደኅና የሆነ ማስክ ለአንዱ ሰው ገጥሞ ለሌላው ላይገጥም ይችላል፤ ያለ ማሰሪያ በሚደረገው የትንፋሽ ሙከራ ፀጉር ሳይኖር እየወደቀ ካስቸገረ ለሌላ የቤተሰብ አባል ሞክሩለት እንጂ አትፍቱት። የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ በስኩባ ወደ ጥልቅ ባሕር ለሚወርድ ሰው ደግሞ እንደ እኔ በቤት የተጠገነ ማስክ አይበቃም፤ አዲስ ይግዛ። የእኔ ጥገና ትንፋሽ ይዞ ጥቂት ሜትሮች ለመውረድ ነው፤ ከ5 ሜትር በላይም ወስጄው አላውቅም።

አያያዙን በተመለከተ፣ የሐይቁ ውሃ ጨው ባይኖረውም ደለልና አልጌ ስለሚይዝ ከእያንዳንዱ አጠቃቀም በኋላ በንጹሕ ውሃ አጥቤ ጥላ ውስጥ አደርቀዋለሁ። መስታወቱ ወደ ታች ሆኖ፣ ምንም ሳይጫነው፣ ክዳን ባለው ጠንካራ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከጥቁር ጎማ ጋር አብሮ አላስቀምጠውም፤ ቀለሙን ወደ ሲሊኮኑ ያስተላልፋልና። ወንድሜንም ስለ ጨዉ ነግሬው ነበር፤ በስልክ ብዙ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ የባሕር ውሃ ፕላስቲክን የሚጎዳ አልመሰለውም።

በሚያዝያ አጎቴ ደውለው መረባቸው እንደገና እንደ ተያዘ ነገሩኝ። እሑድ ጠዋት በሚኒባስ ወደ ደሴ፣ ከደሴም ወደ ሐይቅ ሄድሁ። አራት ጊዜ ወርጄ መረቡን ከቅርንጫፉ ቋጠሮ በቋጠሮ አላቀቅሁት፤ ሳልቆርጥ። በመጨረሻ ታንኳው ላይ ወጥቼ ማስኩን ሳወልቅ ውስጡ ሁለት ጠብታ ውሃ ብቻ ነበረበት፤ አጎቴም ወደ ብርሃኑ ዘንበል አድርገው በላይኛው ግራ ጥግ ያለችውን የማሸጊያ መሥመር በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ረዥም ጊዜ ተመለከቷት።